የቡና መጋዘን ውስጥ ዋይፋይ እንዴት ይዘረጋል? ከጅማ

ነሐሴ ላይ ገብታችሁ ያያችሁት የቡና መጋዘን ጥር ላይ ሌላ ቤት ነው። ክረምት ላይ ወለሉ ባዶ ነው። በሩ ላይ ለቆመ ሰው የኋላው ግድግዳ ወለል ብሎ ይታየዋል። ጥር ላይ ግን ጆንያው ወደ ጣራው ይጠጋል። በክምርና በክምር መሃል የምትቀረው መተላለፊያ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት ትሆናለች። ታዲያ ጅማ ላይ ዋይፋይ የሚተከለው መቼ ነው? ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን፣ ክረምት ላይ። ለዚህ ነው "ቆንጆ ይሠራ ነበር፣ አሁን እምቢ አለ" የሚል ስልክ ሲደወልልኝ፣ ስለ ዕቃው ዓይነት ከመጠየቄ በፊት "በስንት ወር ነው የተተከለው?" የምለው።

ከታች ያለው አካሄድ 60 ሜትር በ25 ሜትር ለሚሆን፣ ታቹ ብሎኬት ላዩ ቆርቆሮ ለሆነ መጋዘን ነው። የእናንተ ቢያንስም ቢሰፋም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለወጠው የዕቃው ብዛት ነው።

ቡናው ራሱ ሲግናል ይበላል

ዋይፋይ ከውሃ ጋር አይስማማም። ደረቅ የምንለው ቡና ደግሞ ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ይዟል። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ውስጥ 7 ሊትር ገደማ ውሃ አለ ማለት ነው። 1,000 ጆንያ ሲደረደር 7,000 ሊትር ይሆናል። ውሃው ፍሬው ውስጥ የታሰረ ስለሆነ የታንከር ውሃ ያህል አይከልልም። ግን አሥር ሜትር ውፍረት ካለው ክምር ጀርባ ቆማችሁ ስልካችሁን ብታወጡ ነገሩ ይገባችኋል።

ቆርቆሮው ሌላ ጣጣ ነው። ብረት ሲግናል አያሳልፍም፣ ይመልሳል። ስለዚህ ውስጥ ያለው ሲግናል ከጣራ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወለል እየተላተመ ይዞራል። ጥሩ ጎን አለው፤ የጎረቤት ዋይፋይ ገብቶ ብዙም አይረብሻችሁም። መጥፎ ጎኑ ደግሞ የእናንተም እንደልብ አይወጣም። ስካነር (የባርኮድ ማንበቢያ) ይዞ ከበሩ ውጭ መኪናው ጋ የቆመ ሠራተኛ፣ ሦስት እርምጃ በወጣ ቁጥር ይቆረጥበታል። የጭነት ቦታው ውጭ ከሆነ ከመጀመሪያው ለብቻው አስቡለት።

ስለ ዝናብ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የጅማ ዝናብ ውስጥ ያለውን ዋይፋይ አያደክመውም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን እርስ በርስ መሰማማት ስለማይቻል፣ በሁለት ሰው የሚሠራ ልኬት ካላችሁ ጠዋት ጨርሱት።

መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቁ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የመጋዘን ኃላፊውን፣ የሚዛን ሠራተኛውንና የጫኝና አውራጆቹን አለቃ አነጋግሩ። ማን፣ በምን መሣሪያ፣ የት ቆሞ ነው ኔትወርክ የሚፈልገው? መልሱ አንዳንዴ ያስገርማል። ስካነሩ የሚሠራው ሚዛኑ ጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሚዛኑ ድረስ ኬብል ጎትቱ፣ እዚያ አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚረጨውን መሣሪያ) ስቀሉ፣ ጨረሳችሁ። ሙሉውን መጋዘን በዋይፋይ መሸፈን ለማያስፈልገው ሰው መሸጥ ደግ ሥራ አይደለም።

ክምር በክምር የሚቆጠር፣ የሚገለበጥ፣ ናሙና የሚወሰድበት መጋዘን ከሆነ ግን ቀጥሉ።

አሁን የክምሩን ቁመት እወቁ። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የጫኞቹ አለቃ ነው። "ጋሼ፣ ታኅሣሥ ላይ ጆንያው እስከ የት ይደርሳል?" በሏቸው። በቁጥር ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ግድግዳው ጋ ሄደው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "ከዚችም ይበልጣል፣ እስከዚያ ማገር ነው" ይሏችኋል። እዚያው ላይ በጠመኔ አስምሩ። መሬቱ ላይ ደግሞ ክምሮቹ የሚያርፉበትን፣ ዋናውን መንገድና ጠባቦቹን መተላለፊያዎች አስምሩ። ብዙ ጊዜ ከግድግዳ 1 ሜትር ገደማ ይተዋል፤ ያንን ክፍተት አትርሱት፣ ቆጣሪዎች የሚገቡበት እሱ ነው። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ሥሉትና ልኬቱን ጻፉበት። የሚያምር ስዕል መሆን የለበትም።

አንድ ክምር ላይ ሞክሩ

ክረምትም ቢሆን አንድ ጥግ ላይ የቀረ ጆንያ አይጠፋም። እሱ ይበቃል። አንድ ኤፒ (አክሰስ ፖይንቱን ቴክኒሻኑ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው) አብሩና በክምሩ አንድ ጎን አስቀምጡ። የሲግናል መጠን በቁጥር የሚያሳይ ነፃ አፕ ያለው አንድሮይድ ስልክ ያዙ። መጀመሪያ በባዶ ቦታ 10 ሜትር ርቃችሁ ለኩ። ቀጥሎ ያንኑ 10 ሜትር ርቀት ጠብቃችሁ፣ ክምሩን መሃል አድርጋችሁ ለኩ። የሁለቱ ልዩነት የእናንተ ቡና፣ የእናንተ አደራደር የሚበላው ሲግናል ነው። ከየትም መጽሐፍ ከምታገኙት ቁጥር ይሻላል።

አፑ የሚያሳያችሁ ቁጥር በዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) ነው፣ ከዜሮ በታች ነው። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ለስካነር −67 ወይም ከዚያ የተሻለ ይፈለጋል። −70 ላይም ተራ ዳታ ይሄዳል። −75ን ካለፈ መቆራረጥ ይጀምራል። 3 ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ባዶ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ይቀንሳል። መተላለፊያው አፍ ላይ −60 ያላችሁ ስልክ ወደ ክምሩ ጀርባ ስትታጠፉ −80 ቢላችሁ አትደንግጡ። እንዲያውም ቶሎ በማወቃችሁ ደስ ይበላችሁ።

2.4ና 5 ጊጋኸርዝን ለየብቻ ለኩ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን በተመሳሳይ ርቀት ከ6 እስከ 7 ዲሲቤል ይደክማል፣ ጆንያውም የበለጠ ያስቸግረዋል። ለመጋዘን ቆጠራ ፍጥነት አይደለም የሚያስፈልገው። አንድ ባርኮድ ምን ያህል ዳታ ነው? መድረስ ነው ዋናው። ስካነሮቹ ሁለቱንም የሚችሉ ከሆነ ሁለቱንም ክፈቱ። ቦታ ስትመርጡ ግን ደካማውን አስባችሁ ምረጡ።

ኤፒውን አጣና ላይ አስራችሁ ዙሩ

ጣራው ላይ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ፈልጉ። ጫፉ ላይ ኤፒውን እሰሩ። ኃይሉን ከትንሽ ዩፒኤስ (መብራት በሌለበት ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) እና ከፒኦኢ ኢንጀክተር (በኔትወርክ ኬብሉ ውስጥ ኃይል ከሚልክ ትንሽ ሳጥን) ስጡት። ሊሰቀል ባሰባችሁበት ቦታና ቁመት አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዘው፤ ጣራ ሥር ያለውን የመብራት መስመር ግን በዓይኑ ይከታተል። ሌላው ስልኩን ይዞ በጠመኔ መስመሮቹ መሃል ይሂድ፣ በየ5 ሜትሩ ቁጥሩን ስዕሉ ላይ ይጻፍ። ስልኩን ደረት አካባቢ ያዙት፣ ስካነር የሚያዘው እንደዚያ ነውና። የሰው ገላም ሲግናል ስለሚከልል ፊታችሁን ወደ ኤፒውም፣ ጀርባችሁንም ሰጥታችሁ ለኩ። የባሰውን ቁጥር ጻፉ።

ከዚያ ካገኛችሁት ላይ የክምሩን ፈተና ውጤት ቀንሱ። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ −58 ያላችሁ ቦታ፣ ክምሩ 15 የሚበላ ከሆነ ጥር ላይ −73 ነው የሚሆነው። ይህ ቦታ አይበቃውም፤ ሌላ ኤፒ ወይም ሌላ አቅጣጫ ይፈልጋል።

የት እንስቀለው?

የተለመደው ነገር አንድ ትልቅ ኤፒ ከጣራው መሃል፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ መስቀል ነው። ለቢሮ ያስኬድ ይሆናል። 8 ሜትር ጣራ ላይ፣ ወደ ዙሪያው የሚረጭ አንቴና ሲሰቀል ግን ሲግናሉ ከክምሩ አናት በላይ ይንሳፈፋል። ጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ የቆመው ሰው ጋ አይወርድም።

እኔ የምመርጠው መተላለፊያውን ተከትሎ የሚያይ አቅጣጫ ያለው አንቴና ነው። ከ4 እስከ 6 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዋናው መንገድ ጫፍ፣ ትንሽ ወደ መሬት ዘንበል ተደርጎ ይታሰራል። ዋናው መንገድ እንደ መብራት ባትሪ ጨረር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፈናል። ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ከዚያ የሚገባውንና ከቆርቆሮው የሚመለሰውን ይካፈላሉ። ለ60 በ25 ሜትር በ4 ኤፒ ጀምሩ፦ ሁለቱ በዋናው መንገድ በሁለቱ ጫፍ እየተያዩ፣ አንዱ ሚዛኑና በሩ ጋ፣ አራተኛው ልኬታችሁ በጣም በደከመበት ቦታ። ይህ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው አጣናው ነው።

ኤፒውን ብረት ማገሩ ላይ አትለጥፉት። ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር የሚያርቅ ክንድ በይዱለት። ከታች የፎርክሊፍት ወይም የተሸካሚ መንገድ ካለ ከዚያ ፈቀቅ ይበል። መሰላል ላይ ወጥቶ መሥራት የለመደ ሰውም ቢሆን ቀበቶ ይታጠቅ፣ ከታች የሚይዝለት ሰው ይኑር።

ኬብል፣ መብረቅና የነቀዝ መድኃኒት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ መልሱት። በኬብሉ ውስጥ ኃይልም ስለሚሄድ አሉሚኒየሙ ይሞቃል፣ ቮልቴጅ ይጥላል፣ ርቀት ላይ ያለው ኤፒ ራሱን ያጠፋል ያበራል። ከስዊች (የኤፒዎቹ ኬብሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን) እስከ ኤፒ ከ100 ሜትር አይብለጥ። 60 ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ቢሮው ግቢው ማዶ ከሆነ፣ ኬብሉ ግድግዳውን ወጥቶ፣ ማገሩን ተከትሎ፣ እንደገና ወርዶ ሲለካ 100ውን ያልፋል። ቡና ባለበት አይጥ አይጠፋምና ኬብሉን ኮንዱይት (የኬብል ቱቦ) ውስጥ አስገቡት።

ስዊቹ ፒኦኢ ይሁን፤ ኤፒ ጋ ሶኬት ማዘጋጀት አያስፈልግም። ኤኤፍ የሚባለው የፒኦኢ ደረጃ በአንድ ፖርት 15.4 ዋት፣ የኤቲው 30 ዋት ይሰጣል። ርካሽ ኤፒዎች አንዳንዴ በ24 ቮልት ፓሲቭ (እነዚህን ደረጃዎች በማይከተል ፒኦኢ) ብቻ ነው የሚሠሩት። ከመደበኛው ስዊች ጋር አይግባቡም፤ ሁለቱ መግጠማቸውን ሳታዩ አትክፈሉ። ኤፒዎቹም ስዊቹም ማራገቢያ የሌላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። የገለባው ብናኝ በአንድ የቡና ወቅት ማራገቢያን ይደፍናል። ለመጋዘኑ ውስጥ አይፒ 65 (ብናኝና ውሃ የማያስገባ) ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አካል ያለውን ፈልጉ። መሣሪያው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘ ዓይነት መሆኑንም ጠይቁ።

የጅማ መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ የመዳብ ኬብል በአየር ላይ መዘርጋት ስዊቹን ለመብረቅ መስጠት ነው። በሕንፃዎች መሃል ፋይበር ተጠቀሙ፤ ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብረት ሽቦ የሌለበትን ዓይነት ግዙ። ፋይበር ካልተቻለ በሁለቱም ጫፍ ሰርጅ (ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ጭማሪ) መከላከያ ይግባ፣ ከግራውንድ ጋርም ይያያዝ። ግራውንዱን ኤሌክትሪሻኑ በመለኪያ ይፈትሸው፤ ከ10 ኦም በታች ይሁን። ግቢ ውስጥ ላለው ኤፒም እንዲሁ ነው።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ ነገር። መጋዘን ውስጥ ተባይ ለማጥፋት የሚታጠነው የፎስፊን ጋዝ መዳብን ይበላል። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የፖርቱ ጥርስ ይጠቁራል፣ ከወራት በኋላ ኤፒው ያለ ምክንያት መቆራረጥ ይጀምራል። ቴክኒሻኑ ኬብል ይቀይራል፣ ስዊች ይቀይራል፣ አይፈታም። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ስዊቹንና ራውተሩን የያዘውን ካቢኔት መጋዘኑ ውስጥ አታስገቡ፣ ቢሮ ወይም ከመጋዘኑ ውጭ ባለ የተዘጋ ሳጥን ይሁን። የሚታጠን ቀን ሲመጣ ደግሞ ውስጥ ያሉት ኤፒዎች ወርደው ይውጡ። ይህ እንዲቀል ኤፒውን በቀላሉ በሚፈታ መያዣ ስቀሉት። ከታጠነ በኋላ መልሶ ለመስቀል የምትገቡት የሚያጥነው ባለሙያ ግቡ ሲል ብቻ ነው። ጋዙ ሰው ይገድላል።

መብራት ሲጠፋ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 ኤፒ እያንዳንዳቸው 10 ዋት፣ 40። ስዊች 10፣ ራውተር 10። ድምሩ 60 ዋት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ይቀጨዋል፣ ስለዚህ 600 በሉ። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ 500 ገደማ ይቀራል። 500 ለ60፣ 8 ሰዓት ማለት ነው። የአንድ ቀን ሥራ ይሸፍናል።

አንድ ነገር ለአሠሪያችሁ በግልጽ ንገሩ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ከኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ከሳፋሪኮም የሚገባው መስመር ሲቋረጥ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዋይፋይ አልተበላሸም። የቆጠራ ሲስተሙ ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ኦንላይን ብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛ መስመር፣ ቢያንስ በሲም የሚሠራ ራውተር፣ ያስፈልጋችኋል።

ቅንብሩ

አራቱም ኤፒ አንድ ስም፣ አንድ ፓስወርድ ይኑራቸው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ስካነሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር። ቻናላቸው ግን ይለያይ። በ2.4 ላይ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ አራተኛው ከሦስቱ አንዱን ይደግማል፣ የሚመሳሰሉት ሁለቱ በጣም የተራራቁት ይሁኑ። በ5 ላይ 36፣ 40፣ 44 እና 48 ስጧቸው። ስፋቱን በሁለቱም 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉት። በ5 ላይ ኤፒው ሲገዛ ብዙ ጊዜ 80 ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለመጋዘን ጥቅም የለውም።

ኃይሉን ቀንሱ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይቃወመኛል። ኤፒው ሲጮህ ስካነሩ ይሰማዋል፣ ስካነሩ ሲመልስ ግን ድምፁ ትንሽ ነው፣ ኤፒው አይሰማውም። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ዳታው የማይሄደው በዚህ ነው። የስካነሩን የማስተላለፊያ ኃይል ከመግለጫው እዩና ኤፒውን እዚያው አካባቢ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ 15 ዲቢኤም ገደማ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። በጣም የሚጮህ ኤፒ ካለ ስካነሩ መጋዘኑ ማዶ ደርሶም የድሮውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ አጠገቡ ያለውን ትቶ። 1፣ 2 እና 5.5 ሜጋ ቢት የሚባሉትን የድሮ ፍጥነቶችም አጥፉ፣ ያኔ ቶሎ ይለቃል። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ያረጀ ስካነር እንደሌለ አረጋግጡ።

የሾፌሮችና የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ከፋፍሎ በሚለይ ቅንብር) ይለይ፣ ፍጥነቱም ይገደብ። መኪና ተራ የሚጠብቅ ሰው ቪዲዮ ቢያይ አይፈረድበትም። የስካነሮቹ ፓስወርድ ግን ለማንም አይነገር፤ ስካነሩ ላይ የሚያስገባው ኃላፊው ብቻ ይሁን።

ርክክብ

ስዕሉ ላይ የጻፋችኋቸውን ነጥቦች ይዛችሁ፣ በራሱ በስካነሩ፣ ከሚሠራበት ሰው ጋር ዙሩ። በየነጥቡ አንድ ባርኮድ ያንብብ። ሲሄድም ያንብብ፤ ቆሞ የሚሠራ ሲራመድ ሊቆረጥ ይችላል። ከዚያ እያንዳንዱ ኤፒ ላይ ከመሬት የሚነበብ ቁጥር ጻፉ፣ ያንኑ ቁጥር ስዊቹ ላይም ኬብሉ ላይም ለጥፉ። ስዕሉን ፎቶ አንስታችሁ ለኃላፊው በቴሌግራም ላኩለት። ወረቀቱ እንደሚጠፋ እርግጠኛ ሁኑ።

ውሉ ላይ ጥር ላይ ተመልሳችሁ እንደምትለኩ ይጻፍ፣ ክፍያውም የተወሰነው ለያኔ ይቆይ። ይህ ለአሠሪውም ለእናንተም ይበጃል። ጥር ላይ ከ−70 በታች የወረደ ቦታ ካገኛችሁ ኃይል ለመጨመር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክምሩ ካሰመራችሁት ወጥቶ አንቴናው ፊት አለመቆሙን እዩ። አንቴናውን ሁለት ሜትር ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ካልተፈታ ነው አምስተኛ ኤፒ የሚታሰበው፤ ለዚያ ስትሉ ስዊቹ ላይ ባዶ ፖርት ተዉ።

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃችሁ ስለሆነ የምትሠሩት፣ አንድ ትርፍ ኤፒና አንድ ኢንጀክተር መጋዘኑ ቢሮ ይቀመጥ። ትርፍ ኤፒው ላይ ቅንብሩን አስቀድማችሁ ጫኑበት፤ የተበላሸውን አውርዶ እሱን መስቀል ብቻ እንዲቀር።